ሃያ አራተኛው እርምጃ

ደብረ ታቦር የሒሳብ መምህር ሆኜ ሥራ የጀመርሁ ቀን ርዕሰ መምህሩ ሁለት ነገር ሰጡኝ፤ የክፍለ ጊዜ ድልድልና አንድ ቁልፍ። ድልድሉን መስመር በመስመር አስረዱኝ። ስለ ቁልፉ ግን ያሉት አጭር ነበር።

«የቼዝ ክበብ ነበረን። መምህር ወርቁ ካረፈ ጀምሮ ተዘግቷል። አንተ ቅጹ ላይ ቼዝ እችላለሁ ብለህ ሞልተሃል። እንግዲህ ተረከብ።»

«አባላቱ ስንት ናቸው?»

«አባል?» አሉና ወደ መስኮቱ ተመለከቱ። «መጀመሪያ ክፍሉን ክፈተው።»

ይህን የምጽፈው ከእኔ በኋላ በየትምህርት ቤቱ የቼዝ ክበብ ለሚረከቡ ባልደረቦቼና ጨዋታቸውን ማሻሻል ለሚፈልጉ ተማሪዎች ነው። ክበቡን የመራሁበት ስድስት ዓመት ብዙ አይደለም። አንድ ስሕተት ሠርቶ ለመረዳት ግን በቂ ነው።

ንብረት ክፍል ሄጄ በሞዴል 22 ፈርሜ ተረከብሁ። ስድስት ሰሌዳ፣ አምስት ሙሉ የጠጠር ስብስብ፣ አንድ ጥቁር ንጉሥ የጎደለው ስብስብ። በንጉሡ ፋንታ የለስላሳ ቆርኪ ተቀምጧል። ከዚያ ቁልፉን ይዤ ከቤተ መጻሕፍቱ ኋላ ወዳለችው ጠባብ ክፍል ሄድሁ።

መስኮቱ ሥር አንድ ጠረጴዛ ነበረ። ላዩ ላይ ሰሌዳ፣ ግራና ቀኙ ሁለት ወንበር። ሁሉ ነገር አቧራ ለብሷል። አንዱን ወንበር ላነሣ ስል የጥበቃ ሠራተኛው አያ ደመቀ ከበሩ ተናገሩኝ።

«መምህር፣ እሷን ወንበር ተዋት።»

«ለምን አያ ደመቀ?»

«የእንግዳ ናት።»

«የማን እንግዳ?»

«ኧረ እኔ ምን አውቄ! መምህር ወርቁ ከትምህርት በኋላ ወደ መናኸሪያ ወረድ ይሉና ይመለሳሉ። እዚህ ይቀመጣሉ። ‹እንደምን ዋሉ› ይላሉ፤ ማንም የለም። የዚያኛውን ጠጠር ያነሡለታል። ከዚያ ብዙ ያስባሉ። የራሳቸውን ያነሡና ጠረጴዛውን ሁለት ጊዜ ቆርቆር አድርገው ያስቀምጣሉ። በቃ፣ ተነሥተው ይሄዳሉ። በቀን አንድ ለሳቸው፣ አንድ ለዚያኛው። ሰው እንዲህ ይጫወታል?»

«ማን ያሸንፍ ነበር?»

«ያኛው» አሉ አያ ደመቀ ሳያመነቱ። «ፊታቸው ይናገር ነበራ።»

ወንበሩን ተውሁት። ፈርቼ አይደለም፤ የመጀመሪያ ቀን ከዘበኛ ጋር መጣላት ጥሩ ስላልመሰለኝ ነው።

ቁም ሣጥኑ ውስጥ አንድ ጠንካራ ሽፋን ያለው አረንጓዴ ደብተር አገኘሁ። መምህር ወርቁ የፊዚክስ መምህር ነበሩ፤ የእጅ ጽሑፋቸው እንደ ታተመ የጠራ ነው። የሰሌዳውን ስምንት ዓምዶች ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሰ፣ ሸ ብለው ሰይመዋል። ረድፎቹን ከ1 እስከ 8 ቆጥረዋል። ስለዚህ «ፈረስ ረ-4» ሲሉ ፈረሱ ረ ዓምድ አራተኛው ቤት ላይ አረፈ ማለት ነው። እኔም እስከ ዛሬ የማስተምረው በዚሁ ነው።

ደብተሩ ውስጥ አሥራ አንድ ጨዋታዎች ነበሩ። በእያንዳንዱ ገጽ የግራው ዓምድ ራስ ላይ «እኔ»፣ የቀኙ ራስ ላይ «እሳቸው» ተብሎ ተጽፏል። ስም የለም። «እኔ» በሚለው ዓምድ ሥር ካለው ከእያንዳንዱ እርምጃ በላይ ሁለት ነጥብ ተደርጓል። አሥሩን ጨዋታ «እሳቸው» አሸንፈዋል። አሥራ አንደኛው አላለቀም። የ«እሳቸው» ሃያ ሦስተኛ እርምጃ ተጽፏል። ከሥሩ «24» የሚል ቁጥር አለ፤ ከቁጥሩ ቀጥሎ ባዶ ነው።

ርዕሰ መምህሩን ጠየቅሁ። «‹እሳቸው› የተባሉት ማን ናቸው?»

«ብቻውን ነበር የሚጫወተው» አሉኝ። «ወገቡን አሞት ወንዛዬ ፍል ውሃ እንደ ሄደ በዚያው አረፈ። እኛ ጥናት ነው ብለን ነበር የምናልፈው። አንተም ጥናት ነው ብለህ እለፈው።»

አላለፍሁትም። ለክበቡ ሌላ መጽሐፍ አልነበረንም። ኔትወርኩ ሲመጣ ስልኬ ላይ የማያቸው ጨዋታዎች ነበሩ፤ ኔትወርኩ ግን የሚመጣው በራሱ ፈቃድ ነው። ስለዚህ ደብተሩን መማሪያ አደረግሁት። መሸነፋቸው ግድ አልሰጠኝም። ሰውየው የተሸነፉት በዝርክርክነት አልነበረም። እስከ ሠላሳኛው እርምጃ ተቋቁመው፣ አንዲት ቀዳዳ ትተው፣ በዚያች ይገቡባቸዋል። ከእንዲህ ያለ ሽንፈት የሚገኘው ትምህርት ከቀላል ድል ይበልጣል።

ሥርዓት እወዳለሁ፤ መርሐ ግብር አወጣሁ። ሰኞ ጥቂት ጠጠር ብቻ የቀረበት ሰሌዳ እንሠራለን፤ ንጉሥና አንድ ወታደር በንጉሥ ላይ። ተማሪ መጀመሪያ ይህን ሲያውቅ ጠጠር የሚለዋወጠው ምን ሊያተርፍ እንደ ሆነ ይገባዋል። ረቡዕ እርስ በርስ እንጫወታለን፤ እያንዳንዱ እርምጃ ይጻፋል። ያልተጻፈ ጨዋታ ያልተጫወቱት ያህል ነው፤ የት እንደ ተሳሳታችሁ ተመልሳችሁ አታገኙትም። ዓርብ ከደብተሩ አንድ ጨዋታ ጥቁር ሰሌዳው ላይ እጽፋለሁ፤ በቃል ያጠኑታል።

ስሕተቴ ያለው ዓርብ ላይ ነው።

በሁለተኛው ዓመት ስመኝ መጣች። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበረች። አባቷ መሪጌታ ናቸው፤ ግቢያቸው ውስጥ ዜማ ያስተምራሉ። እሷ ከደቀ መዛሙርቱ ጋር አልተቀመጠችም፤ ነገር ግን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ከግድግዳው ወዲህ ሆና ሰምታ አድጋለች። አንድን ጨዋታ ሁለት ጊዜ አይታ ከዳር እስከ ዳር በቃሏ ትወጣዋለች። ደብተሩን ራሷ እየገለጠች ሦስት ዓርብ ሳይሞላ አሥራ አንዱንም ያዘቻቸው።

«እንዴት ነው የምታጠኚው?» አልኋት።

«እንደ ቅጸላ ነው መምህር። መምህሩ ይሰጣል፣ ተማሪው ይቀበላል፣ ይደግማል። አንዲት ድምፅ አይለወጥም።»

«የጠፋብሽ እንደ ሆነስ?»

«ማንም አይገምትም። የጠፋበት ዝም ይላል። መምህሩ ይሰጠዋል።»

ይህ አነጋገር እጅግ ደስ አሰኘኝ። የጀማሪ ትልቁ በሽታ ግምት ነው፤ ሳያይ ጠጠር ይወረውራል። ስለዚህ ጥቁር ሰሌዳው ራስ ላይ በትልቁ ጻፍሁ፦ «በቃል የምትወጡት ጨዋታ ከጠፋባችሁ አትገምቱ። ቁሙ።» የክበቡ ሕግ ሆነ። ተማሪዎቼ በእርግጥ ተሻሻሉ። በከንቱ ጠጠር መስጠት ቀነሰ፤ ከመንካታቸው በፊት ማየት ጀመሩ።

ኅዳር ውስጥ አንድ ረፋድ ጉም ከጉና ወርዶ ግቢውን ሞላው። መስኮቱ ነጭ ወረቀት መሰለ፤ ከባንዲራው ሰንደቅ ሥሩ ብቻ ይታይ ነበር። ስመኝ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ዐሥረኛውን ጨዋታ ብቻዋን ትወጣለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ጠጠር ታነሣለች፣ ጠረጴዛውን ሁለት ጊዜ ቆርቆር ታደርጋለች፣ ታስቀምጣለች። አያ ደመቀ ሊያልፉ ሲሉ ድምፁን ሰሙና በሩ ላይ ቀጥ አሉ። ፊት ለፊቷ ያለችውን ባዶ ወንበር አዩ።

«እሳቸው ናቸው» አሉ በሹክሹክታ።

ስመኝ መምህር ወርቁን አታውቃቸውም፤ ሲሞቱ ሌላ ትምህርት ቤት ነበረች። ስለ ቆርቆርታውም እኔ አልነገርኋትም። አያ ደመቀም እንዳልነገሯት በሚካኤል ማሉ።

«ስመኝ፣ ጠረጴዛውን የምትመቺው ለምንድን ነው?»

«ተጽፏል እኮ መምህር።» ደብተሩን ገልጣ ነጥቦቹን አሳየችኝ። «ድጓ ላይ ከፊደል በላይ ያለ ምልክት ሁሉ ድምፅ አለው። በከንቱ የተቀመጠ የለም። ሁለት ነጥብ፣ ሁለት ምት። እንዲህ መሰለኝ።»

ምክንያቱ አጥጋቢ ነው፤ ተቀበልሁት። ቢሆንም የዚያን ቀን ስወጣ ባዶዋን ወንበር ወደ ግድግዳው ዞር አድርጌ አስቀመጥኋት። በማግሥቱ ክፍሉን ስከፍት ወደ ቦታዋ ተመልሳለች። አያ ደመቀ ሳልጠይቃቸው «እኔ ነኝ የመለስኋት» አሉኝ። የክፍሉ ቁልፍ ግን አንድ ብቻ ነው፤ ከኪሴም አልወጣም።

ከዚያ ወዲህ ልጆቹ ከስመኝ ጋር በደብተሩ ጨዋታ መግጠም አልፈለጉም። ሀብታሙ የሚባለው ቀልደኛ ተማሪ «እኔ ከሞተ ሰው ጋር አልጫወትም፤ ቢያሸንፈኝ ያሳፍረኛል፣ ባሸንፈው ይከተለኛል» አለ። ሳቁ። ስመኝ ግን አልሳቀችም።

የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር። በየካቲት የዞኑ የትምህርት ቤቶች ውድድር እኛ ከተማ ይደረጋል፤ አንደኛ የወጣ አንድ ተጫዋች ዞኑን ወክሎ ለክልል ውድድር ባሕር ዳር ይሄዳል። እሷ ተመራቂ ናት፤ ሌላ ዕድል የላትም። አባቷም በብዙ ልመና «እስከ የካቲት» ብለው ነው የፈቀዱላት።

«ካሸነፍሁ ባሕር ዳር ራሳቸው ያደርሱኛል» አለችኝ። «ከተሸነፍሁ ነገሩ ሁሉ ዕቃ ዕቃ ጨዋታ ነበር ይሉኛል።»

በውድድሩ ቀን አዳራሹ ውስጥ ወለሉ ላይ በኖራ መስመር ተሠመረ። አሠልጣኝ ከመስመሩ ወዲያ አያልፍም፤ አይናገርም፤ ምልክት አይሰጥም። ከተናገረ ተማሪው ይሸነፋል። ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሠላሳ ደቂቃ ተሰጠ።

ስመኝ የመጀመሪያዎቹን ጨዋታዎች አሸነፈች። ተጋጣሚዎቿ ከሦስተኛው እርምጃ በኋላ ከደብተሩ መንገድ ስለሚወጡ እሷም በራሷ አእምሮ ትጫወት ነበር፤ ጥሩ አድርጋ። ከደብተሩ ሳይወጣ እስከ መጨረሻው የሚከተላት ሰው ቢመጣ ምን እንደምታደርግ ጠይቄያት አላውቅም። እንዲህ ያለ ሰው ሊኖር አይችልማ።

ለመጨረሻው ጨዋታ የተቀመጠው ከእብናት የመጣ ኑሩ የሚባል ቀጭን ልጅ ነበር። ነጩ የስመኝ ሆነ። ከረፋዱ አምስት ሰዓት ይሆናል። ነፋስ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ በቆርቆሮው ጣራ ላይ እየመታ ነበር።

ስድስተኛው እርምጃ ላይ የማውቀው ሰሌዳ ሆነብኝ። ዐሥረኛው ላይ ደብተሩን ከቦርሳዬ አወጣሁ። አሥራ አንደኛው ጨዋታ፣ ያላለቀው። ስመኝ የ«እኔ»ን ዓምድ ትጫወታለች፤ ኑሩ የ«እሳቸው»ን። አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት፤ ጣቴ በመስመሩ ላይ ይወርዳል፣ ጠጠሮቹ ይከተሉታል። አንድም አልሳተም። ከዚያ ቀን በፊት ማንም ያንን ደብተር ከክፍላችን አውጥቶ አያውቅም።

ሁለቱም አያስቡም ነበር። እጃቸው ብቻ ይሄዳል። እሷ ሁለት ጊዜ ቆርቆር፤ እሱ ዝም። ዳኛው ወደ ጎን ዞሮ «እነዚህ ምን ነካቸው?» ሲል ሰማሁት። በአራት ደቂቃ ውስጥ ሃያ ሦስተኛው እርምጃ ላይ ደረሱ። ኑሩ ንግሥቱን ሠ-7 ላይ አሳረፈ።

ደብተሩ እዚያ ያበቃል።

ስመኝ ቆመች።

እኔ ከመስመሩ ውጭ ሆኜ አያለሁ። የጥቁሩ ንጉሥ ሸ-8 ላይ ነው። ንግሥቱ ሠ-7 ላይ ናት። የስመኝ ፈረስ ረ-4 ላይ ቆሟል። ፈረሱ ሰ-6 ላይ ቢያርፍ ንጉሡንና ንግሥቱን ባንድ ጊዜ ይይዛል፤ የሚነካውም የለም። የሁለት ወር ተማሪ የሚያየው ነገር ነው።

አምስት ደቂቃ አለፈ። ዐሥር አለፈ። እጇ አንድ ጊዜ ወደ ፈረሱ ሄደና ተመለሰ። ጭኗ ላይ አጣጥፋ አስቀመጠችው። ሰሌዳውን አታይም፤ የምታየው ከኑሩ ትከሻ በላይ ነው፣ አንድ ሰው እስኪመጣ እንደሚጠብቅ ሰው። ኑሩም አይኑን ከፊቷ አልነቀለም፤ ላብ ግንባሩ ላይ ወጥቷል። ተመልካቹ ማጉረምረሙን አቆመ። ከጣራው ላይ ቅርንጫፉ ሁለት ጊዜ መታ፤ ቆይቶ ደግሞ ሁለት ጊዜ።

አንዲት ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። አንዲት ቃል ብናገር ደግሞ ትሸነፋለች። ዝም አልሁ። ሰዓቷ ዜሮ ላይ ደረሰ። ዳኛው የኑሩን እጅ አነሣ።

ግቢው ውስጥ ከባሕር ዛፉ ሥር አገኘኋት።

«ፈረሱን አላየሽውም?»

«አይቼዋለሁ። ወዲያው ነው ያየሁት።»

«ታዲያ!»

«ተራው የኔ አልነበረም መምህር» አለች፣ እንደ ተራ ነገር። «የመምህር ወርቁ ነበር። ይሰጡኛል ብዬ ጠበቅሁ።»

በዚህ መሐል ኑሩ መጣ። የደስታ ፊት አልነበረውም።

«መምህር፣ ያ አረንጓዴ ደብተር የማን ነው?»

«የመምህር ወርቁ። አርፈዋል።»

ልጁ ከቦርሳው በላስቲክ የተጠቀለለ የሱቅ ደብተር አወጣ። አያቱ ሐጂ ሰይድ እብናት ገበያ ላይ የጨርቅ ሱቅ ነበራቸው። መምህር ወርቁን አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ተዋወቋቸው። ከዚያ ወዲህ አንዱ እርምጃውን በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ለአውቶቡሱ ረዳት ይሰጣል፤ ሌላው መናኸሪያ ወርዶ ይቀበላል። በቀን አንድ። ባንድ ሰሌዳ ፊት ለፊት ተቀምጠው አያውቁም። ሐጂም አምና አረፉ። ኑሩ ከሕፃንነቱ ቁርአን ቤት በቃል መያዝ የለመደ ነው፤ የአያቱን ደብተር እንዳለ ይዞታል።

አሥራ አንደኛውን ጨዋታ ገለጠልኝ። ያው ነው፤ እርምጃ በእርምጃ። ልዩነቱ አንድ መስመር ነበር። «24. ፈረስ ሰ-6።» ከሥሩ በሐጂ እጅ፦ «ይህን ረቱኝ። አላህ ይማራቸው።»

መምህር ወርቁ ወንዛዬ የሄዱ ዕለት ጠዋት ወረቀቷን ለረዳቱ ሰጥተው ነበር። ደብተራቸው ውስጥ ለመጻፍ አልተመለሱም። ያሸነፉት አንድ ጨዋታ ያ ነበር።

«እንደምትሸነፍ እያወቅህ ለምን ሌላ አልተጫወትህም?» አልሁት።

«ፈራኋ። ስድስተኛው ላይ ነው የገባኝ፤ ከአያቴ ሌላ ይህን ጨዋታ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሳቸውም ሞተዋል። ሃያ አራተኛውን ከተጫወተች ማን እንደመጣ አውቃለሁ አልሁ።»

«ባለመጫወቷስ?»

ስመኝን አያት። «ብቻዋን እንደነበረች አወቅሁ።»

ባሕር ዳር እሱ ሄደ።

በሰንበቱ መሪጌታን ይቅርታ ልጠይቅ ቤታቸው ሄድሁ። ጨዋታውን አስረዳኋቸው፤ ሕጌንም፣ ደብተሩንም።

«ተማሪ የጠፋበት እንደ ሆነ ይቆማል» አሉ። «ልክ ነው። ሲቆም መምህሩ ይሰጠዋል። አንተ የት ነበርህ?»

«ከመስመሩ ውጭ ነበርሁ የኔታ። መናገር አይፈቀድም።»

«እንግዲያው የኛን ሕግ መምህር በማይገባበት ቦታ ለምን ሰጠሃት?»

ተሰናብቼ ወጣሁ።

ጥቁር ሰሌዳው ላይ የጻፍሁትን ሕግ አጠፋሁ። ዓርብ አልተሰረዘም፤ ሥራው ተለወጠ። አሁን የሌላ ሰው ጨዋታ ስናጠና ቀጣዩን እርምጃ በወረቀት እንሸፍናለን። እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን እርምጃና ምክንያቱን ይጽፋል፤ ከዚያ ይገለጣል። ከደብተሩ የተለየ ቢሆን እንከራከራለን። አንዳንድ ጊዜ ተማሪው ልክ ይሆናል። በወር አንድ ጊዜ ደግሞ ማንም የማያውቀውን ሰሌዳ ሰጥቼ ሰዓቱን ለሦስት ደቂቃ እሞላለሁ። ሳይጫወት ሰዓቱ ያለቀበት፣ ተሳስቶ ከተጫወተው ያነሰ ነጥብ ያገኛል።

አረንጓዴው ደብተር ቁም ሣጥኑ ውስጥ ነው። ከ«24» ቀጥሎ ያለውን ቦታ አልሞላሁትም። በየመስከረሙ አዲስ ተማሪ ሲመጣ ያንን ሰሌዳ መስኮቱ ሥር ደርድሬ፣ ከባዶዋ ወንበር ፊት ለፊት አስቀምጠውና «ተራው ያንተ ነው» ብዬ እወጣለሁ። ስመኝም ከመመረቋ በፊት አንድ ቀን እዚያ ተቀመጠች። ፈረሱን ስታስቀምጥ ከበሩ ውጭ ሆኜ ሰማሁ፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጠጠር እንጨት ሲነካ። ከዚያ ትንሽ ቆይቶ ከውስጥ ሁለት ጊዜ ቆርቆር አለ። ስገባ ሁለት እጇ ጭኗ ላይ ነበረ።

ከዚህ ሥራ የተማርሁት ይህ ነው፦ የሌሎችን ጨዋታ አጥኑ፤ ነገር ግን ቀጣዩን እርምጃ ሳታዩ በፊት የራሳችሁን ጻፉ። በቃል የያዛችሁት የሚያልቅበት ቦታ አለ። እዚያ ስትደርሱ መምህራችሁ ከመስመሩ ውጭ ነው።